ለበረዶ ወራት የትኛው የፊት መብራት ይሻላል? ሃሎጅን፣ ዜኖንና ኤልኢዲን አወዳድሮ የመምረጫ መመሪያ

ስለ መኪና የፊት መብራት ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ድምቀት ነው። ሻጩ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይቆጥራል፣ ገዢው በንጣቱ ይማረካል። በረዶ በሚጥልበት አገር ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ የተመረተው ብርሃን መንገዱ ላይ ይደርሳል ወይ? ሽፋኑ ላይ በረዶ የጋገረበት ውድ ኤልኢዲ፣ ሽፋኑ ጠርቶ በትክክል ከተስተካከለ ተራ ሃሎጅን ያነሰ ያሳያል። በዚህ መመሪያ ሦስቱን ዋና ዋና የመብራት ዓይነቶች የምንለካው በዚህ ነው። በየደረጃው የሚሠራ ሥራ አለ፤ አብዛኛው ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ደረጃ 1፦ ምን ያህል ርቀት ማየት እንዳለብዎ ያስሉ

ከመብራት በፊት ፍሬን ይቀድማል። በሌሊት ማየት ያለብን ቢያንስ መኪናው ለመቆም የሚፈልገውን ርቀት ያህል ነው። በደረቅ አስፋልት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና፣ አሽከርካሪው እንቅፋቱን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈውን አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ጨምሮ፣ 70 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ግን ጎማው መንገዱን የሚይዝበት ኃይል ከሲሶ በታች ስለሚወርድ፣ ያው መኪና በዚያው ፍጥነት 160 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ 60 ከሆነ 95 ሜትር፣ 50 ከሆነ 70 ሜትር፣ 40 ከሆነ ደግሞ 50 ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ የሚያብረቀርቅ ግግር በረዶ ከሆነ በ40 እየተጓዙም 80 ሜትር ሊፈጅ ይችላል። እንደ ጎማውና እንደ በረዶው ዓይነት ቁጥሮቹ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ግን ከዚህ ይታያል።

አሁን ይህን ከአጭር መብራት ጋር ያነጻጽሩት። አጭር መብራት የፊት ለፊት መጪውን እንዳያሳውር ሆን ተብሎ ወደ መሬት ዝቅ ይደረጋል። መብራቱ ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተገጠመና ዘንበል ያለው 1 በመቶ ከሆነ፣ ማለትም በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ የብርሃኑ ወሰን መሬት የሚነካው 65 ሜትር ላይ ነው። በመንገዱ ጠርዝ በኩል ወሰኑ ወደ ላይ ስለሚሰበር በዚያ በኩል ራቅ ብሎ ይታያል፤ በመሃል ግን 65 ሜትር ነው። አምፖሉን በእጥፍ ደማቅ በሆነ ቢቀይሩትም ይህ ወሰን ወደፊት አይራመድም፣ ጂኦሜትሪ ነውና። ደማቁ አምፖል የሚጨምረው በዚያው ክልል ውስጥ ያለውን ነገር ጥርት አድርጎ ማሳየትን፣ የመንገዱን ግራና ቀኝ ሰፋ ማድረግን ነው። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ በአጭር መብራት ከ50 በላይ የሚሄድ ሰው፣ የመብራቱ ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ ከሚያየው ርቀት በላይ እየነዳ ነው።

ደረጃ 2፦ መኪናዎ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ይለዩ

መብራቱን ጨለማ ውስጥ ያብሩትና ይመልከቱ። ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ወዲያው ከሰጠ ሃሎጅን ነው። ሲበራ ሰማያዊ ብልጭታ አሳይቶ፣ ከዚያ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቀለሙን እየቀየረ የሚደምቅ ከሆነ ዜኖን ነው። በቅጽበት ሙሉ ነጭ ከሆነና ውስጡ የሚነቀል አምፖል ከሌለ ኤልኢዲ ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይክፈቱ፦ የአምፖሉ ስም በእንግሊዝኛው «ኤች» ፊደል ከጀመረ (ኤች 4፣ ኤች 7፣ ኤች 11) ሃሎጅን፣ በ«ዲ» ከጀመረ (ዲ 1 ኤስ፣ ዲ 2 ኤስ፣ ዲ 3 ኤስ፣ ዲ 4 ኤስ) ዜኖን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይመልከቱ፦ የመብራቱ ቤት። አንዳንዱ ከአምፖሉ ጀርባ ባለ ሰፊ አንጸባራቂ ብርሃኑን ይበትናል፤ ሌላው የጎበጠ ክብ ሌንስ ያለው ፕሮጀክተር ነው። ፕሮጀክተር የብርሃኑን ወሰን በስለት እንደተቆረጠ አድርጎ ስለሚያወጣ ወደ ላይ የሚያመልጠው ብርሃን ያንሳል። በረዶ በሚጥልበት ሌሊት ወደ ላይ ያመለጠ ብርሃን ሁሉ ተመልሶ ዓይንዎ ውስጥ ስለሚገባ ይህ ልዩነት ከሚገመተው በላይ ዋጋ አለው።

ደረጃ 3፦ ሦስቱን በበረዶ መለኪያ ያወዳድሩ

ሃሎጅን። በውስጡ ያለው የተንግስተን ክር ግሎ ያበራል። የመጀመሪያው የመኪና ሃሎጅን አምፖል፣ ኤች 1፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 በአውሮፓ ነው። መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። 55 ዋት የሚወስድ ኤች 7 አምፖል 1500 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ ኤች 4 በአጭር መብራት 1000፣ በረጅም 1650 ሉመን ያህል። ከሚወስደው ኃይል እጅግ የሚበዛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በሌላው ወቅት ጉድለት የሆነው ይህ ብክነት በበረዶ ጊዜ ተገልብጦ ጥቅም ይሆናል፦ ሙቀቱ ከብርሃኑ ጋር ወደፊት ስለሚወጣ የመብራቱን ሽፋን ያሞቃል፣ ያረፈበትን በረዶ ያቀልጣል። ሁልጊዜ ይሳካለታል ማለት አይደለም። በከባድ ብርድና በፍጥነት ሲነዱ ሃሎጅንም ይሸፈናል፤ ቢሆንም ከሌሎቹ በተሻለ ያራግፋል።

ድክመቱ ቮልቴጅ ላይ ነው። የሃሎጅን ብርሃን የሚለካው 13.2 ቮልት እየደረሰው ነው። በዛገ ማያያዣ ወይም በቀጠነ ሽቦ ምክንያት አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 12 ቮልት ብቻ ከሆነ ብርሃኑ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። በበረዶ ወራት የመቀመጫ ማሞቂያው፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውና ማራገቢያው ሁሉ አብረው ይሠራሉ፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ማያያዣዎችን ይበላል። ስለዚህ «መብራቴ ደክሟል» የሚል የሃሎጅን ባለቤት አዲስ አምፖል ከመግዛቱ በፊት ሞተሩን አስነስቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ በቴስተር አምፖሉ ሶኬት ላይ ይለካ። ከ13 ቮልት በታች በጉልህ ከወረደ ችግሩ ያለው ሽቦው ወይም ወደ ሻንሲው የሚሄደው የኔጌቲቭ ማያያዣ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ጥገና ውድ ከሚባለው አምፖል ይልቅ ብዙ ብርሃን ይመልሳል።

ዜኖን። እዚህ የሚግል ክር የለም። በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል በዜኖን ጋዝና በብረት ጨዎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ቅስት ይነሳል። ለማስነሳት 20 ሺህ ቮልትና ከዚያ በላይ ስለሚያስፈልግ ባላስትና ማቀጣጠያ አለው። ከተነሳ በኋላ ግን 35 ዋት ብቻ ወስዶ 3200 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ ከኤች 7 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ባላስቱ ኃይሉን ስለሚያስተካክል የባትሪ ቮልቴጅ ትንሽ ቢወርድም አይደክምም። መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ ላይ ነው።

ለበረዶ ሲለካ ዜኖን መሃል ላይ ይቆማል። ወደፊት የሚወጣው ሙቀት ከሃሎጅን ያነሰ ነው። ጉድለቱን የሚያካክስለት ሕግ ያመጣለት ዕቃ አለ፦ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 48 አጭር መብራታቸው በአንድ ጎን ከ2000 ሉመን የሚበልጥ መኪኖች የመብራት ማጠቢያ እንዲኖራቸው ያዛል። ስለዚህ ደንቡን በሚከተሉ አገሮች የተሸጡ ባለ 35 ዋት ዜኖን መኪኖች ውኃ የሚረጭ አፍ ከመብራቱ ሥር አላቸው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህ አፍ መሥራቱን ሳይሞክር ባይፈርም ጥሩ ነው። የማይቀዘቅዝ የመጥረጊያ ፈሳሽ ካልሞሉበት ግን አፉ ራሱ በበረዶ ተደፍኖ ይቀራል።

ዜኖን ሲያረጅ በድንገት አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ይደክማል፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። አንዱ ሲደክም ሁለቱንም ይቀይሩ፣ ካልሆነ ግራና ቀኙ ሌላ ሌላ ቀለም ይሆናል። ዲ 2 ኤስና ዲ 4 ኤስ ቢመሳሰሉም በተለያየ ቮልቴጅ ስለሚሠሩ አንዱን በሌላው ቦታ አያስገቡ። በባላስቱ ምክንያት መብራቱን ሳያጠፉ በምንም መልኩ አይንኩት።

ኤልኢዲ። ዛሬ አዳዲስ መኪኖች በብዛት የሚመጡት በዚህ ነው። ሌክሰስ ኤልኤስ 600 ኤች እ.ኤ.አ. በ2007 አጭር መብራቱን፣ አውዲ አር 8 ደግሞ በ2008 ሁሉንም የፊት መብራት ሥራ በኤልኢዲ አደረጉ። ኃይል ቆጣቢ ነው፣ በቅጽበት ይበራል፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ብርድ ደግሞ ይስማማዋል፤ ኤልኢዲን የሚያደክመው ሙቀት እንጂ ቅዝቃዜ አይደለም። ብርሃኑን በፈለጉት ቦታ ማነጣጠር ስለሚቻል የመንገዱን ጠርዝ በማሳየት ጥሩ የተሠራ ኤልኢዲን የሚያህል የለም።

እንከኑ ከብቃቱ ይመነጫል። ኤልኢዲ የሚያመነጨው ሙቀት የሚወጣው ከጀርባ ባለው ማቀዝቀዣ ብረት በኩል ነው፤ ወደፊት የሚሄደው ብርሃን ምንም ያህል ሙቀት አይዝም። የፊቱ ሽፋን የውጩን አየር ያህል ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፣ በረዶው ያርፍበታል፣ ይደራረባል፣ ይጠጥራል። ብዙ የኤልኢዲ መብራቶች ደግሞ ከ2000 ሉመን በታች ስለሆኑ ደንቡ ማጠቢያ አያስገድዳቸውም። እንግዲህ የማይሞቅ ሽፋን ያለ ማጠቢያ ማለት ነው። አንዳንድ አምራቾች የማቀዝቀዣውን ሞቃት አየር ወደ ሽፋኑ የሚመልስ ማራገቢያ ያስገባሉ፤ ለጭነት መኪኖች የሚሠሩ አንዳንድ ኤልኢዲዎች ሽፋናቸው ላይ ቀጭን የማሞቂያ ሽቦ አላቸው። ብዙ በረዶ ባለበት አገር አዲስ መኪና የሚመርጥ ሰው ስለ ሉመን ሳይሆን ስለዚህ ነው ሻጩን መጠየቅ ያለበት፦ «ሽፋኑን የሚያሞቅ ወይም የሚያጥብ ነገር አለው?»

ስለ ማትሪክስና ስለ ሌዘር ጥቂት። ማትሪክስ ኤልኢዲ ረጅም መብራቱን እንዳበራ የመጪውን መኪና ብቻ ከብርሃኑ ቆርጦ የሚያወጣ ነው። አውዲ ኤ 8 እ.ኤ.አ. በ2013 ይዞት መጣ፤ አሜሪካ ግን ይህን ዓይነት መብራት በደንቧ የፈቀደችው በ2022 ነው። ሰማዩ ጠርቶ መንገዱ በበረዶ በተሸፈነ ሌሊት ከሁሉም በላይ የሚያስደስተው ይኸው ነው፣ ምክንያቱም የደረጃ 1ን የ65 ሜትር ግድግዳ የሚያፈርሰው ረጅም መብራት ብቻ ነው። በረዶ መጣል ሲጀምር ግን ጥቅሙ ያልቃል። መጪውን መኪና የሚያይለት ካሜራ ያለው በፊት መስታወቱ ላይ ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ በረዶ ካለ ሥራውን ያቆማል ወይም ይሳሳታል። ሌዘር ደግሞ፣ በቢኤምደብሊው አይ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ረጅም መብራቱን እስከ 600 ሜትር ያደርሳል፤ ለሚጥል በረዶ የሚሰጠው ነገር የለም።

ደረጃ 4፦ በቀለም አይታለሉ

«ቢጫ መብራት በረዶና ጭጋግ ይበሳል» የሚለው አባባል ሥሩ ጥልቅ ነው። ፈረንሳይ ለአሥርተ ዓመታት፣ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ቢጫ የፊት መብራት በሕግ ታስገድድ ነበር። ይሁንና የጭጋግ ጠብታም ሆነ የበረዶ ብናኝ ከብርሃን ሞገድ እጅግ የሚተልቅ ስለሆነ ቢጫውንም ሰማያዊውንም እኩል ይበትነዋል። ቢጫ አይበሳም። የሚረዳው በሌላ በኩል ነው፦ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ዓይንን ይበልጥ ያስጨንቃል፤ ነጭ በረዶ ላይ አርፎ ሲመለስ ደግሞ ያደክማል። በኬልቪን፣ ማለትም በብርሃን ቀለም መለኪያ፣ ሃሎጅን 3200፣ ዜኖን 4300፣ ኤልኢዲ በአብዛኛው ከ5000 እስከ 6000 ኬልቪን አካባቢ ናቸው። ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም።

ከዚህ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። መስታወታቸው ሰማያዊ የተቀባ የሃሎጅን አምፖሎችን አይግዙ። ቀለሙ የሚሠራው ከብርሃኑ ከፊሉን በማስቀረት ነው፤ የተከፈለው ገንዘብ ብርሃን ለመቀነስ ነው ማለት ነው። ከ6000 ኬልቪን በላይ የሚሉ ዜኖኖችም እንዲሁ።

ደረጃ 5፦ በሃሎጅን ቤት ውስጥ ሌላ አምፖል አይትከሉ

በጣም የሚፈትነው ይህ ነው። የኤልኢዲ ተለዋጭ አምፖል በሃሎጅን ሶኬት ልክ ተሠርቶ ይሸጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳ ላይ ሲያዩት ያስደንቃል። ችግሩ የሃሎጅን አንጸባራቂ የተቀረጸው ለአንዲት ቀጭን ክር፣ ለትክክለኛ ቦታዋ መሆኑ ነው። ብርሃኑ ከሌላ ቅርጽ፣ ከሌላ ቦታ ሲወጣ ወሰኑ ይበላሻል፦ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለው መሬት ከመጠን በላይ ይደምቃል፣ ሩቁ ይጨልማል፣ የተረፈው ወደ ላይ አምልጦ የመጪውን ዓይን ያጠፋል። ቅርቡ ሲደምቅ የዓይን ብሌን ስለሚጠብ አሽከርካሪው የበለጠ እያየ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ሩቁን አጥቷል። በሚጥል በረዶ ውስጥ ደግሞ ያ ወደ ላይ ያመለጠው ብርሃን ከፊት ለፊት ነጭ መጋረጃ ይዘረጋል። በዚህ ሁሉ ላይ የሃሎጅንን ብቸኛ የበረዶ ጥቅም፣ ሙቀቱን፣ አብሮ ይነጥቃል።

ሕጉም በብዙ አገሮች አይፈቅድም። ጀርመን ከ2020 ወዲህ የተወሰኑ ተለዋጭ ኤልኢዲዎችን ፈቅዳለች፤ ፈቃዱ ግን ለእያንዳንዱ የመኪና ሞዴል ተለይቶ የሚሰጥ ነው፣ ለሁሉም አይደለም። መኪናዎ በአገርዎ በተፈቀደ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ይተዉት። የዜኖን ኪት በሃሎጅን ቤት ውስጥ ማስገባትማ ይብሳል። ብርሃን መጨመር ከፈለጉ በታዋቂ አምራች የተሠራ፣ ሕጋዊ ምልክት ያለው፣ ብርሃኑ የተሻሻለ ሃሎጅን ይግዙ፤ ዕድሜው እንደሚያጥር ግን አውቀው ይግቡበት። ሲገጥሙ የአምፖሉን ብርጭቆ በጣት አይንኩ።

ደረጃ 6፦ አቅጣጫውን ያስተካክሉ

ማንም የማይሠራው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ሥራ ይህ ነው። ቀድሞ የተሰላውን ያስታውሱ፦ መብራቱ 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ 1 በመቶ ሲያዘነብል 65 ሜትር ያሳያል። 1.5 በመቶ ካዘነበለ 43 ሜትር ብቻ ይቀራል። ግማሽ በመቶ ለዓይን አይታወቅም፤ 22 ሜትር መንገድ ግን ወሰደ። በተቃራኒው ከ1 በመቶው በ0.3 ቀና ቢል ወደ 93 ሜትር ይደርሳል፣ የመጪውን አሽከርካሪ ዓይን ግን ይወጋል።

እንዲህ ያድርጉ። ጎማዎቹን በትክክለኛው ግፊት ይንፉ፣ ነዳጁን ይሙሉ፣ ሁልጊዜ የሚጭኑት ዕቃ ካለ ይጫኑ፣ አንድ ሰው የሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ። መሬቱ ፍጹም ደልዳላ በሆነ ቦታ መኪናውን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቀው ፊት ለፊት ያቁሙ። ዳሽቦርዱ ላይ የመብራት ከፍታ መቆጣጠሪያ ካለ 0 ላይ ያድርጉት። የእያንዳንዱን መብራት መሃል ከመሬት ይለኩ፤ በዚያው ከፍታ ግድግዳው ላይ በቴፕ አግድም መስመር ያድርጉ። ከዚያ በታች ሌላ መስመር ይጨምሩ፦ በመብራቱ ወይም በኮፈኑ ሥር ባለ ምልክት ላይ 1.0 በመቶ ከተጻፈ 10 ሴንቲ ሜትር፣ 1.2 ከሆነ 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው። አጭር መብራቱን ያብሩና አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍነው ሌላውን ይመልከቱ። የብርሃኑ ወሰን አግድም ክፍል በታችኛው መስመር ላይ መተኛት አለበት። ካልሆነ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን የማስተካከያ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩ።

ወሰኑ ወደ ላይ የሚሰበረው በየትኛው በኩል እንደሆነም ይዩ። በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ቀኝ፣ በግራ በሚነዳበት ወደ ግራ መሆን አለበት። ከሌላ አገር የመጣ መኪና ተቃራኒውን ካሳየ ብሎን አያድነውም፤ የመብራቱ ቤት ራሱ መለወጥ አለበት።

በራሳቸው ከፍታቸውን የሚያስተካክሉ ዜኖንና ኤልኢዲ መኪኖች የኋላ አክስል አካባቢ አንድ ትንሽ ሴንሰርና ክንድ አላቸው። ጨውና የበረዶ ጭቃ የሚበላው ይህን ክንድ ነው። ሲዝግ መብራቱ ዝቅ ብሎ ወይም ቀና ብሎ ይቀራል፣ ባለቤቱም አምፖሉን ይወቅሳል። በዚህ ጊዜ ብሎን ከማዞር በፊት ክንዱን ያስፈትሹ።

ደረጃ 7፦ ሽፋኑን ይንከባከቡ

መስታወት የምንለው የመብራቱ ሽፋን ዛሬ ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ነው፣ ላዩ ላይ ከፀሐይ የሚከላከለው ስስ ንብርብር አለው። ያ ንብርብር ሲያልቅ ይደፈርሳል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ብርሃኑንም በየአቅጣጫው ይበትናል። ለመመለስ በውኃ እያራሱ 1000፣ ቀጥሎ 2000፣ ቀጥሎ 3000 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት ይጠቀሙ፣ በማለስለሻ ይጨርሱ፣ በመጨረሻ ከፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ይቀቡ። የመጨረሻውን የዘለለ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይጀምራል። የጥርስ ሳሙና ዘዴም ያው ነው፦ ያጠራል፣ አይቆይም።

ጠዋት በረዶ ሲያገኙት የፊት መስታወት መፋቂያውን ሽፋኑ ላይ አይጠቀሙ፤ ያንን ስስ ንብርብር ይቧጭረዋል። ፈላ ውኃም አያፍሱ፣ ድንገተኛ ሙቀት ሽፋኑን ይሰነጥቃል። በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ የጠጠረውን በረዶ ማቅለጫ ፈሳሽ ረጭተው ይጠብቁት። የመኪና ሰም መቀባት በረዶው አጥብቆ እንዳይዝ ያግዛል፤ እንዳይወድቅበት ግን አያደርግም። ከውስጥ ስስ ጉም ቢያዩ መብራቱ ሲሠራ የሚጠፋ ከሆነ ግድ የለም። ውኃ ከታች ከተጠራቀመ ግን ማሸጊያው ተበላሽቷልና ይጠገን።

ደረጃ 8፦ በረዶው እየጣለ ሲነዱ

አጭር መብራት። ረጅሙ በሚጥል በረዶ ውስጥ ብናኙን ያበራል እንጂ መንገዱን አያበራም። የጭጋግ መብራት ካለዎ አሁን ጊዜው ነው፦ ዝቅ ብሎ ስለተገጠመ ከዓይንዎ መስመር ይርቃል፣ ብርሃኑም ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ተመልሶ የሚመጣው ያንሳል። አንዳንድ በረዶ ጠራጊ መኪኖች ተጨማሪ መብራታቸውን ከሾፌሩ በተቃራኒው በኩል የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃኑና ዓይን ሲራራቁ መጋረጃው ይሳሳል።

የማብሪያው ቁልፍ «አውቶ» ላይ ስለሆነ ብቻ አይመኑት። በቀን በረዶ ሲጥል ሰማዩ ብሩህ ስለሚሆን ሴንሰሩ አጭር መብራቱን ላያበራ ይችላል። ከፊት የቀን መብራቶቹ እየበሩ በብዙ መኪኖች ኋላው ጨለማ ነው። በእጅዎ ያብሩ።

የኋላ የጭጋግ መብራት ጉም ካልከበደ በስተቀር ከኋላ የሚመጣውን ያሳውራል። ጀርመን በጭጋግ ምክንያት እይታ ከ50 ሜትር በታች ካልሆነ ማብራቱን ትከለክላለች፤ ሌላ አገር ቢሆኑም ልኩን ከዚያ ቢወስዱት አይከፋም።

ኤልኢዲ ያለው ሰው በከባድ በረዶ መንገዱ ከወትሮው የጨለመ ከመሰለው መንገዱ አልጨለመም፤ ሽፋኑ ተደፍኗል። አስተማማኝ ቦታ ቆመው የፊቱንም የኋላውንም ይጥረጉ። የኋላ መብራቶችም ዛሬ ኤልኢዲ ናቸውና እንዲሁ ይሸፈናሉ፤ ያኔ ፍሬን መያዝዎን የኋላው አያይም። ብሩሹን ሻንጣው ጥልቀት ውስጥ ሳይሆን በእጅ የሚደረስበት ያስቀምጡት።

ደረጃ 9፦ ይወስኑ

ያለዎት ሃሎጅን ከሆነና በከተማ ውስጥ የሚነዱ ከሆነ ምንም አይቀይሩ። ቮልቴጁን ይለኩ፣ ሽፋኑን ያጥሩ፣ አቅጣጫውን ያስተካክሉ፣ አዲስ ጥንድ አምፖል ያስገቡ። ከዚህ በኋላ አነሰኝ የሚል ጥቂት ሰው ነው።

ብዙ ጊዜ መብራት በሌለው የገጠር መንገድ የሚነዳ፣ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው ማጠቢያው የሚሠራ፣ ሽፋኑ ያልደፈረሰ የዜኖን ፕሮጀክተር ቢያገኝ ለበረዶ ወራት እጅግ ጥሩ ነገር አገኘ። በእኔ ግምት ይህ ምርጫ ያለ አግባብ ተረስቷል። አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ግን ምርጫው ኤልኢዲ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በኤልኢዲዎች መካከል ይምረጥ፦ ማሞቂያ ወይም ማጠቢያ ያለውን፣ የተለየ የጭጋግ መብራት ያልተነሳበትን፣ ማትሪክሱንም በእጅ ማጥፋት የሚቻልበትን። ኤልኢዲ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው አምፖል ሳይሆን መብራቱ በሙሉ ስለሆነ፣ የዋስትናው ዘመንና የመለዋወጫው ዋጋ ከመፈረምዎ በፊት ይጠየቅ።